ብላክ ፓንተር፦ ፊልሙ የኪልሞንገርን ጥያቄ መልሶታል ወይስ ሸሽቶታል?

ሰባተኛው ወንበር (ርዕስ ከፋች)

ፊልሙን ገና ያላያችሁ፣ ከዚህ በታች መጨረሻው ሳይቀር ስለሚነሣ አይታችሁ ብትመለሱ ይሻላል። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ2018 የወጣው የአዘጋጁ የራያን ኩግለር ፊልም ብላክ ፓንተር በተነሣ ቁጥር ወሬው ወዲያው ከፊልሙ ይወጣል። ከ1.3 ቢሊዮን ዶላር በላይ ማስገባቱ፣ ለምርጥ ፊልም የኦስካር ሽልማት የታጨ የመጀመሪያው የልዕለ ጀግና ፊልም መሆኑ፣ በሳዑዲ ዓረቢያ ከ30 ዓመት በላይ ተዘግተው የቆዩት ሲኒማ ቤቶች ሲከፈቱ መጀመሪያ የታየው እሱ መሆኑ ይነገራል። ሁሉም እውነት ነው። ነገር ግን ከሁለት ሰዓት በላይ ተቀምጠን የምናየው ታሪክ የቱ ጋ ይይዘናል፣ የቱ ጋስ ይለቀናል የሚለው ጥያቄ ተድበስብሶ ይቀራል።

እኔን ፊልሙ የሚማርከኝም የሚያበሳጨኝም በአንድ ሰው ምክንያት ነው፤ ማይክል ቢ. ጆርዳን በተጫወተው በኪልሞንገር። አብዛኞቹ የልዕለ ጀግና ፊልሞች ተጻራሪው ገጸ ባሕርይ ዓለምን ለማጥፋት ለምን እንደተነሣ ቢጠየቁ መልስ የላቸውም። ክፉ ስለሆነ ነው፣ አለቀ። ኪልሞንገር ግን በደል የተፈጸመበት ሰው ነው። አባቱን ኒጆቡን የገዛ ወንድሙ ንጉሥ ቲቻካ በ1992 ኦክላንድ ውስጥ ገድሎት፣ ልጁን እዚያው ጥሎት ሄዷል። የበደሉ ሥር ደግሞ ከአንድ ቤተሰብ ያልፋል። ዋካንዳ የምትባለው ምናባዊ የአፍሪካ አገር ቫይብራኒየም በተባለው ብርቅ ማዕድን በልጽጋ፣ ለሞት የቀረበ ቁስል በአንድ ሌሊት እየፈወሰች ከዓለም ተደብቃ ስትኖር፣ ውጭ ያለው ጥቁር ሕዝብ ሲሸጥና ሲገረፍ እጇን አጣጥፋ ተመልክታለች። ሰውየው እጁ በሰንሰለት ታስሮ ዙፋኑ ፊት ቆሞ፣ እኛን የሚመስል ሁለት ቢሊዮን ያህል ሕዝብ በየአገሩ ሲቸገር እናንተ ተመችቷችሁ ተቀምጣችኋል ሲላቸው፣ ከምክር ቤቱ ሽማግሌዎች አንዱ እንኳን ረብ ያለው መልስ አይሰጠውም።

እስቲ ሁለቱን የሙታን ዓለም ትዕይንቶች ጎን ለጎን ተመልከቷቸው። የቲቻካ ልጅና አልጋ ወራሽ ቲቻላ፣ ማለትም ብላክ ፓንተር ራሱ፣ ልዩ ኃይል የሚሰጠውን የንግሥናውን ተክል ጠጥቶ አፈር ሲለብስ የሚነቃው ሰፊ ሜዳ ላይ ነው። ሰማዩ ወይን ጠጅ ነው፤ ዛፉ ላይ ጥቋቁር ግስሎች ተጋድመዋል፤ ከመካከላቸው አንዱ ወርዶ አባቱ ይሆናል። ኪልሞንገር ያንኑ ተክል ጠጥቶ ሲቀበር ወደዚያ ሜዳ አልሄደም። የነቃው ኦክላንድ፣ አባቱ በተገደለበት አፓርታማ ውስጥ ነው። ወይን ጠጁ ሰማይ በመስኮት በኩል ብቻ ይታያል። አባቱ ለእኔ እንባ የለህም ወይ ሲለው፣ ሕፃኑ ሰው ሁሉ ይሞታል፣ እዚህ ሰፈር ኑሮ እንዲህ ነው ብሎ ይመልስለታል። ምስሉ ሲመለስ ሕፃኑ ጎልማሳ ሆኗል፤ እንባውም መጥቷል። የንጉሥ ዘር ሆኖ ሳለ ከሙታኑ ዘንድ እንኳን ቦታ አላገኘም። ይህን ሁሉ በአንድ መስኮት የነገረን አዘጋጅ የሚሠራውን የሚያውቅ ሰው ነው።

ታዲያ ይህን ያህል ካስደመጠን በኋላ ፊልሙ ምን አደረገ? ሰውየው የገዛ ፍቅረኛውን ያለማመንታት እንዲገድል አደረገው። ተክሉን የምትንከባከበውን አረጋዊት ሴት አንገቷን አንቆ ከመሬት እንዲያነሣት አደረገው። የተክሉን ስፍራ እንዲያስቃጥል አደረገው። እነዚህ ድርጊቶች ከገጸ ባሕርዩ ሳይሆን ተመልካቹ እንዳይደግፈው ከፈሩት ጸሐፊዎች የመጡ ይመስለኛል። ጥያቄውን መመለስ ሲከብዳቸው ጠያቂውን አረመኔ አደረጉት። ከዚያም በባቡር ሐዲድ ላይ አደባድበው ገላገሉን።

የምትቃወሙ ካላችሁ ምክንያታችሁን ለመስማት ጓጉቻለሁ።

ኮሚክ ሰብሳቢ

ወንድሜ ሰባተኛው ወንበር፣ መነሻህ ጥሩ ነው። ፊልሙ የተቀዳበትን የኮሚክ፣ ማለትም የሥዕላዊ መጽሔት፣ ታሪክ ላክልበትና ኩግለር ምን ያህል እንደለወጠው እንይ።

ብላክ ፓንተርን ስታን ሊና ጃክ ከርቢ በሐምሌ 1966 በፋንታስቲክ ፎር 52ኛ እትም ላይ አወጡት። በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር ለጥቁር አሜሪካውያን መብት የሚታገለው ብላክ ፓንተር ፓርቲ በኦክላንድ ተመሠረተ። ኮሚኩ ቀድሟል፤ ስሙ መገጣጠሙ ግን ገጸ ባሕርዩን ዕድሜ ልኩን ተከትሎታል። ኩግለር ራሱ የተወለደው ኦክላንድ ነው። ፊልሙን እዚያ መክፈቱ በአጋጣሚ ሊሆን አይችልም።

ኪልሞንገርን የፈጠረው ዶን ማክግሬገር ሲሆን ዓመቱ 1973 ነው። በኮሚኩ ኪልሞንገር ዋካንዳ ተወልዶ ከአገሩ የተሰደደ ሰው ነው፤ የንጉሡ ሥጋ ዘመድም አይደለም። የፊልሙ ጸሐፊዎች የአጎት ልጅ አደረጉት፣ አሜሪካ ውስጥ አስወለዱት፣ የአባቱንም ደም በቲቻላ አባት እጅ ላይ አኖሩት። ልብ በሉ፣ እናንተ የምትከራከሩበት ክብደት በሙሉ የመጣው ከዚህ ለውጥ ነው። በኮሚኩ ዙፋን ፈላጊ ዐመፀኛ የነበረው ሰው በፊልሙ የቤተሰቡ ኃጢአት ሆኖ ደጅ የሚያንኳኳ ልጅ ሆነ። የአባት ዕዳ ለልጅ የሚባለውን ቲቻላ በትክክል የሚከፍልበት ታሪክ ነው።

ሌላው መልካም ለውጥ ምባኩ ነው። በኮሚኩ "ሰው-ጦጣ" የሚል ስም ተሰጥቶት የጎሪላ ቆዳ ለብሶ የሚዞር ነበር። ለጥቁር ሰው እንዲህ ያለ ስም ምን ትርጉም እንዳለው ለማንም ግልጽ ነው። ፊልሙ ስሙን ጣለው፤ በምትኩ ዊንስተን ዱክ በተራራ ላይ የሚኖር ኩሩ ሕዝብ መሪ አደረገው። በሁለት ሦስት ትዕይንት ብቻ እንዲህ የሚወደድ ሰው መሥራት ቀላል አይደለም።

ስለዚህ ጸሐፊዎቹ ፈሩ የሚለውን ለመቀበል ይቸግረኛል። የፈራ ሰው ይህን ሁሉ ባልነካ ነበር።

ልባም

እኔ ደግሞ ፊልሙ ጥያቄውን አልሸሸም ባይ ነኝ። ጥያቄው ከኪልሞንገር በፊት በዋካንዳ ሰላይዋ፣ በቲቻላ የቀድሞ ፍቅረኛ በናኪያ አፍ ተጠይቋል።

የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች አስታውሱ። ቲቻላ ናኪያን የሚያገኛት ናይጄሪያ፣ ሳምቢሳ ጫካ ውስጥ፣ ከታፈኑ ሴቶች ጋር ተመሳስላ በጭነት መኪና ስትጓዝ ነው። ልታድናቸው ነው የገባችው። በኋላም ከቲቻላ ጋር ገበያ መሀል እየሄዱ ዋካንዳ ራሷን እየጠበቀች ሌላውን መርዳት የምትችል ጠንካራ አገር ናት ብላ በግልጽ ትነግረዋለች። ይህ የኪልሞንገር ክስ ነው፤ የሚለየው ደም የሚፈስበት አለመሆኑ ነው። እሷ የተናገረችውን ማንም አለመጥቀሱ ያሳዝነኛል። የምትጮኸው ድምፅ ሁልጊዜ ቀድማ ትሰማለች፤ በሥራ ላይ ያለችው ግን ትረሳለች።

አሁን ስለ ጭካኔው። ሰውየው ሰውነቱን በጠባሳ የሸፈነው በገደለው ሰው ልክ ነው። ይህን የፊልሙ መጨረሻ አካባቢ የተጨመረ ማሰናከያ አድርጎ ማቅረብ ፍትሐዊ አይደለም። ሮስ የሚባለው የሲአይኤ ሰው ራሱ ይነግረናል፦ ኪልሞንገር የሠለጠነው ሥልጣን ከአንዱ ወደ ሌላው በሚተላለፍበት ሰዓት አገር ማፍረስ ነው። ዋካንዳ ላይ ያደረገውም ይኼንኑ ነው። ተክሉን ያስቃጠለው ከእሱ በኋላ ሌላ ንጉሥ እንዲኖር ስለማይፈልግ ነው። እኔ በዚያ እሳት ውስጥ ጸሐፊዎቹን አላየሁም፤ አገር የማፍረስ ሙያውን ያየሁት እዚያ ነው። ደግሞስ ምን ብሎ ነው ለጦርነት የሚነሣው? በዋካንዳ ግዛት ላይ ፀሐይ አትጠልቅም ነው የሚለው። ይህ የቅኝ ገዢዎች መፈክር ነው። የተበደለው ሰው የበዳዩን ቋንቋ ተምሮ፣ በዳዩን ሆኖ መጥቷል። ይህን የመሰለ ጥልቅ ነገር በልዕለ ጀግና ፊልም ውስጥ ሌላ ቦታ አላየሁም፤ ድክመት ብዬም ልጠራው አልችልም።

ቲቻላስ ቢሆን? ለሁለተኛ ጊዜ ሙታኑን ሲያገኝ አባቱንና ከኋላው የቆሙትን ነገሥታት በሙሉ ተሳስታችኋል ይላቸዋል። አባቱ እንዲቀላቀለው ሲጋብዘው እንቢ ብሎ ይመለሳል። አንድ ንጉሥ በአያቶቹ ፊት ቆሞ እንዲህ ከተናገረ ጥያቄው አልተመለሰም ማለት ይቻላል?

ሰባተኛው ወንበር

እህቴ ልባም፣ ስለ ናኪያ ያልሽው ትክክል ነው፤ ክርክሩን አበለጸግሽው። የምንለያየው ግን ከዚህ በኋላ ነው።

ሮስ ኪልሞንገርን ማን እንደሠራው ነግሮናል፤ የአሜሪካ መንግሥት ነው የሠራው። እሺ። ታዲያ በመጨረሻው ጦርነት የጦር መሣሪያ ጭነው የሚወጡትን መርከቦች መትቶ የሚጥለው ማነው? ሮስ ነው። የቲቻላ እህት ሹሪ የርቀት መቆጣጠሪያ ሰጥታው፣ ላቦራቶሪው ሊፈርስበት እየተቃረበ እንኳን ከወንበሩ አልነሣም ብሎ ጀግና ይሆናል። ነፍሰ ገዳዩን ያሠለጠነው ተቋም አባል የነፃ አውጪነት ጭብጨባውን ሲወስድ ማንም በፊልሙ ውስጥ አንድ ቃል አይተነፍስም። ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ይባል የለ? ሥሩን አሳይቶን ከዚያ ዞር ማለቱ ነው የሚከነክነኝ።

መፍትሔውንም ተመልከቺ። ቲቻላ ኒጆቡ የሞተበትን ሕንፃ ገዝቶ የእርዳታ ማዕከል ያደርገዋል፤ ናኪያ ማኅበራዊውን፣ ሹሪ ሳይንሱን ይመራሉ። ሕፃናቱ መንኮራኩሩን ከብበው ሲደነቁ እኔም ልቤ ይሞላል። ግን የተጠየቀው ስለ ዘመናት ዝምታ ነበር። ለዚያ የሚመጥን ንግግር ቲቻላ ከሙታን ጋር ተነጋግሮ ጨረሰው፤ ከሕያዋኑ ጋር ግን አልተነጋገረም። ምክር ቤቱን ሰብስቦ ይህ ሆነ፣ ይህን አደረግን፣ ልጁን ጥለን መጣን ሲል ማየት ነበር የምሻው። አምስት ደቂቃ ብቻ! ከአውራሪሶቹ ጦርነት ላይ ቢቀነስ ማንም አይጎዳም ነበር።

የጥልፍ እጅ

ክርክራችሁ ጥሩ ነው፤ እኔ ግን ዓይኔ ያረፈበትን ልናገር። የፊልሙ ሐሳብ ግማሹ ያለው አልባሳቱ ላይ ነው።

በደቡብ ኮሪያ ያለውን የቡሳኑን ቁማር ቤት አስቡ። ሦስቱ ሲገቡ ቲቻላ ጥቁር፣ የንጉሡ ዘብ አዛዥ ኦኮዬ ቀይ፣ ናኪያ አረንጓዴ ለብሰዋል። የፓን አፍሪካ ሰንደቅ ዓላማ ቀለሞች ናቸው። ማንም በአፉ አይናገረውም፤ ሦስት ሰው በደረጃ ሲወርድ ብቻ ታዩታላችሁ። ቀለሞቹ ደግሞ ለዚያ ምሽት የተመረጡ ብቻ አይደሉም። አረንጓዴው የናኪያ የወንዝ ነገድ ነው፤ ቀዩ ዶራ ሚላጄ የሚባለው የሴቶች ዘብ ነው፤ ጥቁሩ የንጉሡ ነው። ፊልሙን ዝም ብሎ በቀለም መከተል ይቻላል።

የአልባሳቱ ዲዛይነር ሩት ካርተር ከብዙ ሕዝቦች ወስዳለች። ንግሥት ራሞንዳ የምትደፋው ክብ ባርኔጣ የዙሉ ባለ ትዳር ሴቶች ነው፤ ለፊልሙ በሦስት አቅጣጫ ማተሚያ ነው የተሠራው። የድንበር ጠባቂዎቹ ብርድ ልብስ የባሶቶ ነው። የወንዙ ነገድ ሽማግሌ አረንጓዴ ሙሉ ልብስ ለብሶ ከንፈሩ ላይ ያደረገው ሸክላ የሙርሲና የሱሪን ሕዝቦች የሚያስታውስ ነው። በ2019 ኦስካሩን ስትወስድ በአልባሳት ዘርፍ የመጀመሪያዋ ጥቁር አሜሪካዊት አሸናፊ ሆነች፤ በዚያው ምሽት ሃና ቢችለር በቦታ ዲዛይን ተመሳሳይ ታሪክ ሠራች።

ቅሬታ የለኝም ማለት አይደለም። ምሥራቅ አፍሪካ ውስጥ ያለች አገር ደቡብ አፍሪካ የሚነገረውን ቆሳ ታወራለች። ቋንቋው የመጣው የቲቻካን ገጸ ባሕርይ ከተጫወተው ከጆን ካኒ ነው፤ የራሱ ቋንቋ በመሆኑ ቲቻላ መጀመሪያ ከታየበት ከ2016ቱ ፊልም (ካፕቴን አሜሪካ፦ ሲቪል ዋር) ጀምሮ እሱን ተከትለው ሄዱ። የዙሉ ባርኔጣ፣ የሙርሲ ሸክላ፣ የቆሳ ቋንቋ በአንድ ምክር ቤት ሲቀመጡ፣ አህጉሩ አንድ መንደር ነው ብሎ ለሚያስበው ሰው ስሕተቱን ያጸኑለታል። ይህን ትችት በቀላሉ አልጥለውም። ቢሆንም ለእኔ ሚዛኑ ወደ ካርተር ያደላል፤ ምክንያቱም ሸክላውን እንደ ጉድ አላሳየችውም። ሰውየው አማካሪ ነው፤ ተናግሮ ይደመጣል፤ ካሜራው ከንፈሩ ላይ አይቆምም። የአፍሪካ ሕዝቦችን ጌጥ ለማስደንገጫነት ሲጠቀም ከኖረው የሲኒማ ታሪክ አንጻር ይህ ታላቅ ለውጥ ነው።

የሚቆጨኝ ይህ ሁሉ ጥበብ በመጨረሻው ውጊያ ላይ የት እንደገባ ነው። ሁለት ጥቁር የጎማ አካል የመሰሉ ሰዎች በጨለማ ዋሻ ውስጥ ይላተማሉ። ጨርቅ የለ፣ ቀለም የለ፣ ዶቃ የለ።

ጥቁር ቀለም

የጥልፍ እጅ የነካችውን ልቀጥልበት፤ ለእኔ ትልቁ ውድቀት እዚያ ነው።

በዚሁ ፊልም ውስጥ ሦስት ዓይነት ውጊያ አለ። አንደኛው የፏፏቴው ግጥሚያ ነው። ልዩ ኃይሉ ተወስዶ፣ ጭንብሉ ወልቆ፣ ሁለት ሰው እግራቸው ውኃ ውስጥ ሆኖ ይፋለማሉ። ትንፋሻቸው ይሰማል። ሲወድቁ ድንጋዩ ያማል። ገደሉ ላይ የቆመው ሕዝብ ይዘምራል፣ ራሞንዳ ማን እንደሆነ አሳየው ብላ ትጮኻለች። ማን ምን እንደሚያጣ እናውቃለን። ኪልሞንገር በተራው እዚያው ቦታ ላይ ቲቻላን ሲጥለው፣ መጀመሪያ የሳቅንበት ቦታ መሆኑ ነው አንጀት የሚበላው።

ሁለተኛው የቁማር ቤቱ ነው። ካሜራው ሳይቋረጥ የሚሄድ እስኪመስል ከኦኮዬ ወደ ናኪያ፣ ከላይኛው ፎቅ ወደ ታች እየተሸጋገረ ይከተላቸዋል። ኦኮዬ የጠላችውን ሰው ሠራሽ ፀጉር አውልቃ ፊቱ ላይ ስትወረውርበት ስለ እሷ አንድ ሙሉ ገጽ ንግግር ከሚነግረን በላይ እናውቃለን። እያንዳንዱ ሰው በራሱ ባሕርይ ነው የሚዋጋው።

ሦስተኛው የማዕድን ዋሻው ነው፤ እዚያ ሲደርሱ ሁሉም ይጠፋል። ሁለቱም አንድ ዓይነት ልብስ ለብሰዋል፣ አንድ ዓይነት ኃይል ጠጥተዋል፣ ፊታቸው ተሸፍኗል። አካላቸው በኮምፒውተር የተሠራ መሆኑ ያስታውቃል፤ ክብደት የላቸውም፣ ሲወድቁም አይከብዱም። ጸሐፊዎቹ ችግሩን ያወቁት ይመስለኛል። ባቡሩ ባለፈ ቁጥር የቫይብራኒየሙ ልብስ ይከፈትና ለጥቂት ሰከንድ ፊታቸውንና ቆዳቸውን እናያለን። በእነዚያ ሰከንዶች ፊልሙ ነፍስ ይዘራል፤ ባቡሩ አልፎ ጭንብሉ ሲዘጋ ደግሞ ይሞታል። መልሱ በእጃቸው ነበር ማለት ነው! ልብሱን ለምን ጨርሰው አላወለቁላቸውም? የፏፏቴው ውጊያ ተመልካችን በሁለት እጁ ይዞ ማቆየቱን ራሳቸው አሳይተውናል። ውድ የሆነ ምስል ባለበት ሁሉ ታላቅ ትዕይንት አለ ብሎ የሚያምነው የልዕለ ጀግና ፊልም ልማድ ነው ያሸነፋቸው፤ ይህ ልማድ ስንቱን መልካም ፊልም በመጨረሻው ግማሽ ሰዓት እንዳበላሸ ሳስብ ንድድ ይለኛል።

ከበሮ መቺ

ዓይናችሁ የጨለመበት ቦታ ላይ ጆሯችሁን እንድትከፍቱ ልጋብዛችሁ።

ማጀቢያውን የሠራው ስዊድናዊው ሉድቪግ ዮራንሰን ነው፤ ኦስካሩንም ወስዷል። ሥራውን ሲጀምር ሴኔጋል ሄዶ ከዘፋኙ ከባባ ማል ጋር ተጉዟል፤ ፊልሙ ዋካንዳን መጀመሪያ ከላይ ሲያሳየን የሚሰማው ድምፅ የእሱ ነው። ለቲቻላ የተሰጠው በብብት ተይዞ እየተጨመቀ የሚናገረው የምዕራብ አፍሪካ ከበሮ ነው። ለኪልሞንገር የተሰጠው የፉላኒ ዋሽንት ነው፤ ተጫዋቹ እየነፋ ስለሚተነፍስበትና ስለሚጮኽበት ሰው ቁጣውን መዋጥ ያቃተው ይመስላል። ከሥሩ የሂፕ ሆፕ ከበሮ ይገባል።

ኪልሞንገር ነግሦ ወደ ዙፋኑ ክፍል ሲገባ ምስሉ መጀመሪያ ተዘቅዝቆ ይታያል፤ እሱ እየተራመደ ሲመጣ ካሜራው ቀስ እያለ ዞሮ ይቃናል። ዋሽንቱና የኦክላንዱ ምት አብረው የሚመጡት እዚያ ላይ ነው። አገሩ መገልበጡንም፣ የገለበጣት ሰው የሁለት ዓለም ልጅ መሆኑንም ያለ አንድ ቃል እንሰማለን። ጥቁር ቀለም የጠላው የዋሻ ውጊያ ላይ እንኳን ሁለቱ ሙዚቃዎች እርስ በርሳቸው ይተናነቃሉ። ምስሉ ያልቻለውን ድምፁ ተሸክሞታል ባይ ነኝ።

ጀማሪ ተመልካች

ሁላችሁንም እያነበብሁ ተምሬያለሁ፤ አመሰግናለሁ። አንድ ያልገባኝን እባካችሁ አስረዱኝ። ዉካቢ የቲቻላ የልብ ጓደኛ ሆኖ ሳለ እንዴት በአንድ ቀን ከዳው? ደግሞ ይህን ያህል የሠለጠነ አገር ንጉሡን በድብድብ መምረጡ አልተዋጠልኝም።

ልባም

እንኳን ደህና መጣህ። ስለ ዉካቢ ፊልሙ ፍንጭ ሰጥቷል፤ ፈጥኖ ስለሚያልፍ ግን ያመልጣል። ወላጆቹን የገደላቸው የዋካንዳን ቫይብራኒየም የሰረቀው የጦር መሣሪያ ነጋዴ ክሎው ነው። ቲቻላ ክሎውን ይዤ እመጣለሁ ብሎ ቃል ገብቶ ባዶ እጁን ተመለሰ። ኪልሞንገር ደግሞ ሬሳውን ጎትቶ እግሩ ሥር ጣለለት። የደም ዕዳ ላለበት ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ከዚያ ቀደም ብሎም ስደተኞችን ካስገባን ችግራቸውን ይዘውብን ይመጣሉ፣ ሰዎቼን ይዤ ወጥቼ ዓለምን ላጽዳ ብትለኝ ግን እሺ እላለሁ ብሎ ለቲቻላ ነግሮታል። ኪልሞንገር ያመጣለት ሲመኘው የነበረውን ነው።

የጎደለው ጊዜ ነው። ከኦኮዬ ጋር ስለ አገሩ የሚከራከሩበት ትዕይንት ተቀርጾ ነበር፤ ከፊልሙ ወጥቶ በኋላ ለብቻው ወጣ። እሱ ቢኖር ኖሮ ኦኮዬ በጦር ሜዳ ጦሯን ደረቱ ላይ ስትደግንበት የሚሰማን ሌላ ነበር። ባልና ሚስት መሆናቸውን እንኳን ያላስተዋሉ ተመልካቾች አሉ። ይህን ጥፋት እኔም አልከላከልም።

ድብድቡን በተመለከተ፣ ፊልሙ ሥርዓቱን እያመሰገነ አይመስለኝም። አገሪቱ በአንድ ከሰዓት በኋላ በአንድ ሰው እጅ የወደቀችው በዚያ ሥርዓት ነው። ኦኮዬ ለዙፋኑ ምያለሁ ብላ የጠላችውን ሰው ለማገልገል ስትቀር፣ ናኪያ ደግሞ አገሬን አድናለሁ ብላ ስትሸሽ የሚነጋገሩትን እንደገና ስማው። ከመላው ፊልም የምመርጠው ንግግር እሱ ነው። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ሁለቱም ያለቅሳሉ።

ጥቁር ቀለም

ሥርዓቱ መጥፎ መሆኑን ካሳየን በኋላ ታዲያ መጨረሻ ላይ ቲቻላ ለወጠው? አንድም ቃል የለም። እዚህ ላይ ከሰባተኛው ወንበር ጋር ነኝ።

የጥልፍ እጅ

ቲቻላን ስለተጫወተው ስለ ቻድዊክ ቦዝማን ማንም አለማንሣቱ አስገርሞኛል። ኪልሞንገር ጋረደው ይባላል። እኔ አይመስለኝም። ቲቻላ የሚያዳምጥ ሰው ነው፤ ማዳመጥን መጫወት ደግሞ ከመጮኽ ይከብዳል። ናኪያን ጫካው ውስጥ ሲያያት እንደሚፈዝ አስታውሱ፤ ኦኮዬ አስቀድማ እንዳትፈዝ ብላው ነበር። የአባቱ ታማኝ የነበረው አረጋዊው ዙሪ ስለ ኒጆቡ አሟሟት እውነቱን ሲነግረው ደግሞ ፊቱ ላይ የአባቱ ክብር ሲፈርስ ይታያል። ድምፁን ከፍ አላደረገም። ቦዝማን ካንሰር እንዳለበት በ2016 ነበር የተነገረው፤ ለሕዝብ ሳይገልጥ ይህን ፊልም ሠራ፣ በነሐሴ 2020 በ43 ዓመቱ አረፈ። ፏፏቴው ውስጥ ሲወድቅና ሲነሣ ምን ተሸክሞ እንደነበር አሁን እናውቃለን። ስለ ሰውየው ያለኝ አክብሮት ወሰን የለውም።

ሰባተኛው ወንበር

ቦዝማንን በተመለከተ ከአንቺ ጋር ነኝ። ከሁሉ የምወድለት የመጨረሻውን ነው። ኪልሞንገር ደረቱ ላይ ስለት ተሰክቶ፣ አባቱ የዋካንዳ ፀሐይ ስትጠልቅ በዓለም ላይ እንደሷ ያለ ውበት እንደሌለ ይነግረው እንደነበር ያወራል። ቲቻላ ደግፎ አውጥቶ ያሳየዋል። ልናድንህ እንችል ይሆናል ይለዋል። ኪልሞንገር ለምን፣ ልታስረኝ? ብሎ ይጠይቅና፣ ከመርከብ ላይ ዘለው ባሕር ከገቡት አያቶቹ ጋር እንዲቀብረው ይነግረዋል፤ እነሱ ከባርነት ሞት እንደሚሻል ያውቁ ነበር ይላል።

ልባም፣ ቲቻላ እዚህ ላይ ምን መለሰ? ምንም። ፊልሙ ለዚያ ዓረፍተ ነገር መልስ እንደሌለው የሚያውቀው ይመስለኛል። ታዲያ ይህን እያወቀ ለምን ከዚያ በፊት ግማሽ ሰዓት ሙሉ አውራሪስ አሯሯጠብን?

ልባም

መልስ አለመስጠቱ ነው መልሱ ከትክክለኛ ቦታ የመጣ መሆኑን የሚያሳየኝ። በዚያ ሰዓት ንጉሡ ንግግር ቢያደርግ ኖሮ አንተው ነበርህ የምትቆጣው። ቲቻላ ቀጥሎ የሄደው ኦክላንድ ነው። ጥያቄው በተጠየቀበት ሰፈር፣ በዚያው ሕንፃ ጀመረ። ትንሽ ነው ብትለኝ እቀበላለሁ፤ ሽሽት ነው ብትለኝ ግን አልቀበልም።

ኮሚክ ሰብሳቢ

ይህን ክርክር ፊልሙን የሠሩት ሰዎችም የጨረሱት አይመስልም። በ2022 በወጣው ሁለተኛው ፊልም ሹሪ ተክሉን ጠጥታ ወንድሟን ወይም እናቷን ፍለጋ ስትሄድ ዙፋኑ ላይ ተቀምጦ የጠበቃት ኪልሞንገር ነው። እንደ ወንድምሽ ክቡር ትሆኛለሽ ወይስ እንደ እኔ የሚደረገውን ታደርጊያለሽ ብሎ ጠየቃት። በቀልን ይዛ የሄደችበት ርቀትና በመጨረሻ የቆመችበት ቦታ ሰባተኛው ወንበርን ከልባም ጋር የሚያስታርቅ ይሁን የሚያራርቅ ገና አልለየሁም። ፈቃዳችሁ ከሆነ ለእሱ ሌላ ርዕስ እከፍታለሁ፤ የሁለተኛው ፊልም ተጻራሪ የሆነውን የናሞርን ከኮሚኩ የመጣ ታሪክም እዚያ ላይ አስቀምጣለሁ።